ጨዋታ የተጎዳውን ልጅ ይረዳልን?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የአገራችን ሰው። የልጅ ሥራ ከጨዋታ አያልፍም፣ ጨዋታም ከቁም ነገር አይቈጠርም ማለቱ ነው። ልጆች ጭቃ አቡክተው እንጀራ ሲጋግሩ፣ በቆርኪ ቡና ሲያፈሉ፣ አንዱ አባት አንዷ እናት ሆነው ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ስናይ ፈገግ ብለን እናልፋለን። ሥራ ሲኖር ደግሞ «ጨዋታውን ተዉና ወዲህ ኑ» እንላለን። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት ወዲህ የሕፃናትን አእምሮና ስሜት የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህንኑ የልጅ ጨዋታ በትኩረት ሲመለከቱት፣ ከዚያም አልፈው የተጎዱ ልጆችን ለመርዳት ሲገለገሉበት ኖረዋል። አሠራሩ «የጨዋታ ሕክምና» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ሕክምና በእርግጥ ልጆችን ይረዳልን? የሚረዳ ከሆነስ ምን ያህል፣ በማንስ እጅ? ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ልጅነት አልፎ የማይመለስ ዘመን ነው። በማይረዳ ነገር ላይ የባከነ ዓመት ከልጁ ዕድሜ የተወሰደ ዓመት ነው፤ የሚረዳውንም ነገር «ጨዋታ ነው» ብሎ ንቆ መንፈግ እንዲሁ። ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንደ መሆናችን፣ በየዕለቱ በፊታችን ስለሚቀመጡት ልጆች ስንል ይህን ማወቅ ይገባናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እንያዝ። አባቷ በድንገት የሞተባት የስድስት ዓመት ልጅ አለች እንበል። በለቅሶው ሰሞን «ልጅ አይስማ» ተብሎ ጎረቤት ቤት ቆየች፤ «አባትሽ ሩቅ አገር ሄዷል» ተባለች። ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አላለቀሰችም፤ አልጠየቀችምም። ነገር ግን ዕለት ዕለት በጓሮ ጉድጓድ ምሳ አንዲት እንጨት በጨርቅ ጠቅልላ ትቀብራለች፤ ጥቂት ቆይታ መልሳ ታወጣታለች። ሴት አያቷ ይህን ባዩ ጊዜ «ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብለው ይቈጧታል፤ እንጨቷንም ወስደው ይጥሉባታል። አያቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን የቀበሩ ኀዘንተኛ ናቸው። ታዲያ ልጅቱ በዚያ ጨዋታ ምን እያደረገች ነበር? ዝም ብንላት፣ ወይም አብረናት ብንቀመጥ ምን ይለወጣል? ይህችን ልጅ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ አንርሳት።

1. የጨዋታ ሕክምና ምንድን ነው?

አዋቂ ሰው ሲጨነቅ ጭንቀቱን ለወዳጁ ያወያያል። ሕፃን ግን ለስሜቱ የሚበቃ ቃል ገና የለውም፤ ስለዚህ በአንደበቱ ያልተናገረውን በእጁ ይናገራል። ይህን አስቀድመው ካስተዋሉት መካከል በ1920ዎቹ ዓመታት በአውሮጳ የሠሩት ሜላኒ ክላይንና አና ፍሮይድ ይገኙበታል። በሁለቱ መካከል ብርቱ ክርክር ነበር። ክላይን የልጁን ጨዋታ ልክ እንደ አዋቂ ንግግር መተርጐም ይቻላል ሲሉ፣ አና ፍሮይድ ግን ጨዋታ በመጀመሪያ ከልጁ ጋር መቀራረቢያ ነው ይሉ ነበር። የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ማርጋሬት ሎወንፌልድ ደግሞ በ1928 ለንደን ውስጥ ክሊኒክ ከፍተው፣ ልጆች አሸዋ በተሞላ ገበታ ላይ በትናንሽ ቅርጾች የየራሳቸውን ዓለም እንዲሠሩ ማድረግ ጀመሩ።

ዛሬ በስፋት የሚታወቀውን አሠራር የቀረጹት ግን አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን ናቸው። የካርል ሮጀርስን ትምህርት ተከትለው በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ ስምንት መመሪያዎችን አስቀመጡ። እነርሱም በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው፤ ከልጁ ጋር ሞቅ ያለ ወዳጅነት መመሥረት፣ ልጁን እንዳለ መቀበል፣ ስሜቱን በነጻነት እንዲገልጽ መፍቀድ፣ የገለጸውን ስሜት አስተውሎ መልሶ መንገር፣ ችግሩን ራሱ ለመፍታት ያለውን ችሎታ ማክበር፣ ልጁን አለመምራት፣ አለማስቸኰል፣ በመጨረሻም አስፈላጊ የሆነውን ገደብ ብቻ ማበጀት።

የሕክምናው ክፍል ከመጫወቻ ቤት ብዙ አይለይም። የቤተሰብ አባላትን የሚመስሉ አሻንጉሊቶች፣ የዱርና የቤት እንስሳት፣ ጭቃ፣ ቀለም፣ አሸዋ፣ የሐኪም ዕቃ የሚመስሉ መጫወቻዎች ይገኙበታል። ልዩነቱ በባለሙያው አቀማመጥ ላይ ነው። ባለሙያው አያስተምርም፣ አይመክርም፣ አይመረምርም። ያች የምሳሌያችን ልጅ በክፍሉ ብትገኝና እንጨቷን ብትቀብር፣ «አባትሽ ነውን?» ብሎ አይጠይቃትም። «ትቀብሪዋለሽ፤ መልሰሽ ደግሞ ታወጪዋለሽ» ይላታል፤ ፊቷንም አይቶ «በጣም ትናፍቂዋለሽ መሰል» ሊላት ይችላል። ልጅቱ የምትሠራው ነገር እንደታየላትና እንዳልተነቀፈባት ታውቃለች። ባለሙያውን ወይም ራሷን ለመምታት ብትነሣ ግን በእርጋታ ይከለክላታል።

2. አንድ መልካም ታሪክ ማስረጃ ይሆናልን?

አክስላይን በ1964 «ዲብስ» ብለው የሰየሙትን የአንድ ልጅ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ልጁ የማይናገር፣ ከሌሎች ጋር የማይገናኝ፣ አእምሮው የደከመ የሚመስል ነበር። በጨዋታው ክፍል ውስጥ ግን ቀስ በቀስ ታላቅ የማስተዋል ችሎታ ያለው ልጅ ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ በብዙ አገሮች ተነበበ፤ ብዙ ሰዎችንም ወደዚህ ሙያ ሳበ።

ሆኖም አንድ ታሪክ፣ ምንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ ሕክምናው ለሌሎች ልጆችም እንደሚሠራ አያረጋግጥም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጅ ያድጋል። ዛሬ በሌሊት የሚባንን ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ማንም እርዳታ ደኅና ሊተኛ ይችላል። በመካከሉ ወደ ባለሙያ ከወሰድነው ምስጋናው ለባለሙያው ይሆናል፤ ጠበል ከወሰድነው ለጠበሉ፣ አገር ካስለወጥነው ለአየሩ ይሆናል። የትኛው እንደ ረዳው ግን አናውቅም።

ይህን ችግር ገሃድ ያወጡት ዩጂን ሌቪት የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ናቸው። በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሥነ ልቡና ሕክምና ካገኙት ልጆች በሕክምናው መጨረሻ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መሻላቸውን መዘገቡ። ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን ለሕክምና ተመዝግበው ሳይመጡ ከቀሩት ልጆች መካከልም ከመቶ 72 ያህሉ ተሽሏቸው ነበር። እንግዲህ ሕክምናው ምን ጨመረ? ጥያቄው ብዙ ባለሙያዎችን አስቈጣ፤ ነገር ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄ ያላቸው ጥናቶች አንድ ሥርዓት ይከተላሉ። ተመሳሳይ ችግር ያላቸውን ልጆች ሰብስበው በዕጣ ለሁለት ይከፍሏቸዋል። አንዱ ወገን ሕክምናውን ያገኛል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል ወይም ሌላ ዓይነት እርዳታ ይሰጠዋል። በመጨረሻም ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ዕጣው የተፈለገበት ምክንያት ተስፋ የሚሰጡት ልጆች ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይሰበሰቡ ነው።

3. ጥናቶቹ በአንድነት ሲመዘኑ

አንድ ጥናት ብቻውን ብዙ አይናገርም። አብዛኞቹ የጨዋታ ሕክምና ጥናቶች ጥቂት ልጆችን ብቻ የያዙ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በርካታ ጥናቶችን ሰብስበው በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሚዛኑ «የውጤት መጠን» የሚባል ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ በታከሙትና ባልታከሙት መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው። በተለመደው አነጋገር 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ውጤት ይባላል።

ይህን በምሳሌ እንረዳው። ሕክምና ያላገኙ 100 ልጆችን ችግሩ ከጸናበት እስከ ቀለለለት ድረስ በተራ እናሰልፍ። ሕክምናው ምንም የማይረባ ቢሆን፣ ከታከሙት ወገን መካከለኛው ልጅ በዚያ ሰልፍ 50ውን ብቻ ይቀድማል። የውጤቱ መጠን 0.80 ከሆነ 79 ያህሉን ይቀድማል፤ 0.47 ከሆነ 68 ያህሉን፤ 0.34 ከሆነ ደግሞ 63 ያህሉን ይቀድማል።

አሁን ውጤቶቹን በቅደም ተከተል እንመልከት። በ1985 ኬሲና በርማን የተባሉ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ መንገድ የሚሰጥ የልጆች ሥነ ልቡና ሕክምናን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን መዝነው 0.71 አገኙ፤ ጨዋታ በተጠቀሙትና ባልተጠቀሙት ዘዴዎች መካከል የጐላ ልዩነት አላዩም። በ2001 ሌብላንክና ሪቺ የጨዋታ ሕክምናን ብቻ የሚመለከቱ 42 ጥናቶችን መርምረው 0.66 አገኙ። በ2005 ሱ ብራተንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከ1953 እስከ 2000 የተደረጉ 93 ጥናቶችን ሰብስበው 0.80 አገኙ። ይህ በሙያው ውስጥ ታላቅ ደስታ የፈጠረ ቁጥር ነበር።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ቁጥሩ ዝቅ አለ። በ2015 ሊንና ብራተን የአክስላይንን መንገድ የሚከተለውን፣ ልጁን የሚያስቀድመውን አሠራር ብቻ የሚመለከቱ 52 ጥናቶችን ይበልጥ በጠበቀ የስታቲስቲክስ ዘዴ መዝነው 0.47 አገኙ። በዚያው ዓመት ዲ ሬይና ባልደረቦቻቸው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረጉ 23 ጥናቶችን መዘኑ። ውጤቱ ከዚህም ያነሰ ነበር። እንደ ጠብና አለመታዘዝ ባሉ ወደ ውጭ በሚታዩ ችግሮች 0.34፣ እንደ ፍርሃትና ትካዜ ባሉ በውስጥ በሚሰወሩ ችግሮች ደግሞ 0.21 ሆነ። ሁሉም ከዜሮ በላይ ናቸው፤ ሆኖም ተአምር የሚባል ነገር የለም።

4. ቁጥሮቹን እንዴት እንረዳቸው?

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይገጥሙናል። አንደኛው 0.80 የሚለውን ብቻ አንሥቶ «ጨዋታ ሁሉን ይፈውሳል» ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ መውረዱን አይቶ «ድሮስ ጨዋታ ምን ይረባል» ማለት ነው። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው።

ጥናቶቹ እውነተኛ ድካም አለባቸው። ብዙዎቹ ጥቂት ልጆችን የያዙ ናቸው። ብዙዎቹ የታከሙትን ልጆች ያነጻጸሩት ተራቸውን ከሚጠብቁ ልጆች ጋር ነው፤ እንግዲህ የረዳው ጨዋታው ነው ወይስ አንድ አዋቂ ሰው በየሳምንቱ ለልጁ ጊዜ መስጠቱ ብቻ ነው? ለውጡን የሚመሰክሩት ብዙ ጊዜ ልጁ መታከሙን የሚያውቁ ወላጆችና መምህራን ናቸው፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ደግሞ ተስፋ ያደረገውን ማየቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ ከጥናቶቹ ብዙዎቹ የተሠሩት አሠራሩን በሚያስተምሩት ሰዎች እጅ ነው። ሌሎችን ዘዴዎች የሚያነጻጽሩ ተመራማሪዎችም አሉ። ዋይዝና ባልደረቦቻቸው በ1995 ስለ ልጆችና ወጣቶች ሕክምና የተደረጉ 150 ጥናቶችን ሲመዝኑ፣ ባሕርይን በቀጥታ በማለማመድ የሚሠሩ ዘዴዎች ከሌሎቹ የበለጠ ውጤት እንዳላቸው አግኝተዋል።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ግን የሚቀር ነገር አለ። በልዩ ልዩ ጊዜ፣ በልዩ ልዩ ሚዛን ቢመዘንም ውጤቱ ከዜሮ በታች አልወረደም። መካከለኛ ወይም ትንሽ እርዳታ ደግሞ ለተጨነቀ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊት የሚባንን ልጅ በሳምንት ከአምስት ሌሊት ሁለቱን ብቻ ቢባንን፣ በቁጥር ሲታይ መጠነኛ ለውጥ ነው፤ ለእናቱ ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነው።

5. ወላጅ ሲገባበት

ከጥናቶቹ ሁሉ ለእኛ እጅግ የሚጠቅመው አንድ ግኝት ነው። በ2005ቱ ምርመራ ሕክምናውን ባለሙያ በሰጠበት ጊዜ የውጤቱ መጠን 0.72 ሲሆን፣ ባለሙያ ያሠለጠናቸውና የሚከታተላቸው ወላጆች በሰጡበት ጊዜ 1.15 ሆነ። በ2015ቱ ምርመራም ወላጅ ወይም አሳዳጊ በተሳተፈበት ውጤቱ ከፍ ያለ ነበር። እርግጥ ነው፣ ልጃቸውን ያጫወቱት ወላጆች ራሳቸው ምስክሮች በሚሆኑበት ጊዜ ቁጥሩ ከልኩ በላይ ሊያብጥ ይችላል። ያም ሆኖ ግኝቱ ደጋግሞ የታየ ስለሆነ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ይህን መንገድ የጀመሩት በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ አሠራሩ በ1964 በጽሑፍ ቀረበ። ሐሳባቸው በጊዜው ደፋር ነበር። ለልጁ ችግር ወላጅን መውቀስ በተለመደበት ዘመን፣ ወላጅን የሕክምናው ባልደረባ አደረጉ። በኋላም በሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጌሪ ላንድሬት ሥልጠናውን በዐሥር ጊዜ ስብሰባ እንዲያልቅ አሳጠሩት። ወላጆች በትንሽ ቡድን ሆነው ይማራሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን በቤታቸው ለሠላሳ ደቂቃ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይጫወታሉ፤ ከዚያም ያጋጠማቸውን ለቡድኑ ይናገራሉ። በ1998 ላንድሬትና ሎባው በእስር ቤት ያሉ 32 አባቶችን በዚህ መንገድ አጥንተዋል። ሥልጠናውን ያገኙት አባቶች ካላገኙት ይልቅ ልጆቻቸውን መቀበላቸው ጨመረ፣ በወላጅነታቸው የሚሰማቸው ጭንቀትም ቀነሰ። በእስር ቤት ግንብ ውስጥ ያለ አባት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ልጁን በሚገባ ማየት ከተማረ፣ በነጻነት የምንኖር ወላጆች ምን ምክንያት ይኖረናል?

6. ጨዋታ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

በሐምሌ 1976 በካሊፎርኒያ፣ ቻውቺላ በተባለች ከተማ 26 ልጆች ከአውቶቡስ ሾፌራቸው ጋር ተጠልፈው ከመሬት ሥር በተቀበረ የጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ተዘጋባቸው። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሌኖር ቴር የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ልጆቹን በመከታተል ስለ ጨዋታቸው ጽፈዋል። ልጆቹ የደረሰባቸውን ደጋግመው ይጫወቱ ነበር፤ ጨዋታው ግን ደስታ የሌለበት፣ የማይለወጥ፣ ፍርሃትን የማያስታግስ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ጨዋታ በራሱ መድኃኒት አለመሆኑን ነው። ብቻውን የቀረ ልጅ በጨዋታው ውስጥ እንደ ወፍጮ በሬ በአንድ ቦታ ሊዞር ይችላል። ከአዙሪቱ የሚያወጣው አብሮት የሚቀመጥ፣ የሚረዳው ሰው ሲያገኝ ነው።

ከባድ አደጋ ያለፈባቸውና ጠባሳው የጸናባቸው ልጆች ልዩ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ልጆች ከሚመክራቸው መካከል፣ በደረሰው ጉዳት ላይ ያተኰረና ሐሳብንና ባሕርይን በማስተካከል የሚሠራ ሕክምና ይገኛል። የጨዋታ ሕክምና ከዚህ ጋር የተነጻጸረበት ጥናት በ2012 በአሜሪካ ታትሟል። በ31 ስደተኛ ልጆች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ሕመሙ በጸናባቸው ልጆች ሁለቱም ዘዴዎች ምልክቶቹን ቀንሰዋል። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም፤ ነገር ግን ቋንቋው ላልበረታ ስደተኛ ልጅ ጨዋታ በር ሊከፍት እንደሚችል ያሳያል።

በአገራችንም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ጥናት ተደርጓል። በጅማ፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ሆስፒታል በገቡ ከስድስት ዓመት በታች በሆኑ 339 ልጆች ላይ የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ ግን ከእናቶቻቸው ወይም ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር በሆስፒታልና በኋላም በቤታቸው በጨዋታ እንዲነቃቁ ተደረገ። ይህ የሥነ ልቡና ሕክምና ሳይሆን የዕድገት እርዳታ ነው። ውጤቱም በግልጽ ተነግሯል። የተጫወቱት ልጆች በሆስፒታል ሳሉ እንደ መቀመጥና መራመድ ባሉ እንቅስቃሴዎች፣ በቤት ደግሞ በእጅና በጣት ቅልጥፍና በለጡ። በቋንቋና ከሰው ጋር በመግባባት ግን ከሌሎቹ አልተለዩም። የሠራውንም ያልሠራውንም እንዲህ አድርጎ መናገር የመልካም ጥናት ምልክት ነው።

7. ከዚህ ምን እንያዝ?

ማናችንም ይህን ጽሑፍ በማንበብ የጨዋታ ሐኪም አንሆንም። ያ ረጅም ትምህርትና የባለሙያ ክትትል የሚጠይቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ከጥናቶቹ ተነሥተን በየቤታችንና በየክፍላችን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

ሀ) ጊዜ እንስጥ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ልጅ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። መጫወቻው ውድ መሆን የለበትም፤ ጭቃ፣ ጠጠር፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ባዶ ቆርቆሮ ይበቃል። በዚያች ሰዓት ልጁ ይምራ፤ እኛ እንከተል። የቤት ሥራ ጥያቄና ምክር ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ለ) ያየነውን እንናገር እንጂ አንፍረድ። «ጎበዝ» ወይም «እንዲህ አይደለም» ከማለት ይልቅ «ቤቱን አፈረስከው፤ እንደገና ልትሠራው ነው» ብንል ልጁ እንደታየ ያውቃል።

ሐ) የልጅን ጨዋታ እንደ ምስክር ቃል አንቍጠረው። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፤ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል። ልጅ አሻንጉሊት ስለ መታ ቤቱ ውስጥ ይመታል ማለት አይደለም። በጥያቄ ማፋጠጥም የልጁን ቃል ያበላሻል። ልጁ ራሱ ጉዳት እንደደረሰበት ቢናገር ግን በእርጋታ እንስማው፤ ነገሩንም ሳንደብቅ ልጁን ሊጠብቅ ለሚችል አካል እናድርስ።

መ) ወደ ሐኪም የሚያስኬደውን ምልክት እንወቅ። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ቀድሞ የለመደውን ንግግር ወይም ንጽሕና ከረሳ፣ ያለ ደስታ አንዱን ጨዋታ ብቻ ከደጋገመ፣ ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

ሠ) «በጨዋታ በጥቂት ቀን እናድናለን» ለሚል ሰው እንጠንቀቅ። በጥናቶቹ ውስጥ ሕክምናው በአማካይ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ያህል የተሰጠ ሲሆን፣ ከፍተኛው ውጤት የታየው ከሠላሳ ጊዜ በላይ በተሰጠበት ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን ልጅ እንመለስ። በጓሮ የምትቀብረው እንጨት ሟርት አልነበረም። ማንም ያልነገራትን ነገር በእጇ እየጠየቀች ነበር፤ የተቀበረ ሰው ተመልሶ ይወጣልን? ለዚህ ጥያቄ በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት የጨዋታ ክፍል ሳይሆን እውነቱን በሚገባት ቃል የሚነግራት ሰው ነው። ቀጥሎም አያቷ እንጨቱን ከመጣል ይልቅ ከጎኗ በርጩማ ስበው ቢቀመጡ፣ «ቀበርሽው የኔ ልጅ፤ እኔም ናፍቆኛል» ቢሏት፣ ሁለት ኀዘንተኞች በአንድ ጉድጓድ አጠገብ ይገናኛሉ። ይህ ብቻ ልጅቱን ይፈውሳል ብለን ቃል አንገባም፤ ጥናቶቹም እንዲህ ያለ ቃል አልገቡም። ያሳዩን ግን አብሮ የሚቀመጥ፣ የሚያስተውልና የማይቸኵል አዋቂ ሲገኝ ብዙ ልጆች ብቻቸውን ከሚሆኑት ይልቅ የሚሻላቸው መሆኑን ነው። ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃም፣ ምን እንደ ራበው ግን ይነግረናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ወይም በክፍላችን ልጆች የሚጫወቱትን ጨዋታ በዚህ ሳምንት ልብ ብለን አይተናልን? ምን አስተዋልን?
2. «ልጄ ከዚህ በኋላ ተሻለው» ስንል፣ የረዳው በእርግጥ ያ ነገር መሆኑን በምን እናውቃለን?
3. በለቅሶ ጊዜ ልጆችን ከነገሩ ማራቅ ልማዳችን ነው። ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?
4. ለአንድ ልጅ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለመስጠት የሚያግደን ምንድን ነው? በምንስ ልናቃልለው እንችላለን?